መሬት የመታሁ ዕለት

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 1999 ዓ.ም

ውድ ቺዙሩ፣

ይህን የምጽፍልሽ በሩን ቀርቅሬ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ ካብ ላይ የሳቢር ወንድሞች ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል። አይሳደቡም፣ ድንጋይ አይወረውሩም። አንደኛው ዱላ በቢላ ይልጋል፤ ሌላው ልጣጩን እያነሳ ያኝካል። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

አታውቂኝም። አማርኛም አታነቢም። ቢሆንም ዛሬ የሚገባው ሰው ከአንቺ ሌላ አላገኘሁም። ጁማና እባላለሁ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። አንቺን ግን እዚህ የማያውቅሽ ጎረምሳ የለም። አጎቴ አብዱልጀሊል ቪዲዮ ቤት አለው፤ መስኮቱ በጆንያ የተደፈነ፣ አግዳሚው ቁንጫ የሚያረባ ቤት። አንድ ጊዜ ከደሴ ሲመለስ የአንቺን የትግል ፍልሚያዎች የያዙ ዲስኮች በፌስታል አጭቆ መጣ። የሚያወሩት እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔን አስተርጓሚ አደረገኝ። የሼህ ልጅ ከወንዶች ጋር ተጋፍታ ቪዲዮ አታይም፤ አባቴ ከብዙ ልመና በኋላ የፈቀደው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ እንድናገር ነበር። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አንቺን አያለሁ፤ እነሱ ድምፄን ብቻ ይሰማሉ።

ዲስኮቹ ላይ ቀን አልተጻፈም። አጎቴ ከፌስታሉ አፍ እጁ ያገኘውን አስቀደመ፤ ለካ የመጨረሻሽ ኖሯል። ዓይንሽ አብጦ፣ ጉልበትሽ ታስሮ ገባሽ፤ አንዲት ልጅ እግር ተፋላሚ አንገትሽን አነቀችሽ። በመዳፍሽ መሬቱን መታ መታ አደረግሽ። ዳኛው ወዲያው ገብቶ አላቀቃችሁ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«አብዱልጀሊል፣ ከደሴ ድረስ ሄደህ ተሸናፊ ገዝተህ መጣህ?»

«ዲስኩን ገልብጠው እስቲ፣ በጀርባው ታሸንፍ ይሆናል!»

ከሳቁ መሀል የሳቢር ድምፅ መጣ። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው። «አስተርጓሚዋ፣ መሬቱን የምትደበድበው ምን አድርጓት ነው?»

«በቃኝ ማለቷ ነው» አልኩ ከመጋረጃው ጀርባ። «መሬት ከተመታ የያዘው መልቀቅ አለበት። ደንቡ ነው።»

እንዲህ እንዲህ እያልን ሕይወትሽን ከጭራው ወደ ራሱ አየነው። መጀመሪያ ተሸነፍሽ፤ ቀጥሎ ቀበቶሽን ተነጠቅሽ፤ ከዚያ ቀበቶውን አሸንፈሽ ወሰድሽ። በየሳምንቱ ልጅ ትሆኚያለሽ። የጉልበትሽ ማሰሪያ ጠፋ። ቅንድብሽ ላይ ያለው ጠባሳ አንድ ሳምንት ታየ፣ በሚቀጥለው አልተፈጠረም ነበር። እኔ ግን የሚመጣብሽን ሁሉ ስለማውቅ፣ ባሸነፍሽ ቁጥር ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እኔ አዝንልሽ ነበር። ክንድ አያያዝሽን ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው እያስተያየሁ ተማርኩት። ቤት ውስጥ በትራስ ላይ እሞክረዋለሁ፤ እናቴ ዙሀራ «ትራሱን ምን በደለሽ?» እያለች ትስቃለች።

የመጨረሻው ዲስክ የመጀመሪያሽ ነበር። ትንሽ አዳራሽ፣ ጥቂት ሰው፣ አንቺ ገና ልጃገረድ። ወደ መፋለሚያው ስትራመጂ ጉልበቶችሽ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ካሜራው ሳይራራልሽ አሳየው። ተራኪው ስለ ፍርሃትሽ አወራ፤ እኔም አስተረጎምኩ። «በጣም ፈርታለች ይላል።»

«ፈርታ ለምን ገባች ታዲያ?» አለ ሳቢር። ቤቱ ሳቀ። መልስ አልነበረኝም።

ሳቢር ፊቴን ሳያይ በድምፄ ተመኘኝ አሉ። ሽማግሌ ላከ፤ አባቴ ጠየቀኝ፤ አልፈልግም አልኩ። አባቴም «ልጄ አልፈለገችም» ብሎ መለሳቸው። እዚያ ላይ ያለቀ መስሎን ነበር።

ሚያዝያ ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከገብሱ ማሳ ጥግ ጠበቀኝ። ወንድሞቹ በቅሎ ጭነው ከወንዙ ማዶ ቆመዋል። ከኋላዬ በነጠላዬ አንገቴን አንቆ ጣለኝና ላዬ ላይ ወደቀ። ቺዙሩ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ እጄ ሳላዘው መሬቱን መታ። መታሁ፣ ደግሜ መታሁ። ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሳቀ። «እዚህ ዳኛ የለም፣ አስተርጓሚዋ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። ነጠላውን ሊያጠብቅ እጁን ሲቀይር ክንዱን አገኘሁት። እግሬን በአንገቱ ላይ አሳልፌ ወገቤን ወደ ላይ ወጠርኩ። ጮኸ። በሌላው እጁ መሬቱን መታ፤ ሰማሁት። አልለቀቅሁም። ክርኑ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ሮጬ ብዙዬ የምትባል ገበሬ ቤት ገባሁ፤ በሯን ዘግታ መጥረቢያ ይዛ ከደጅ ቆመች። የተዋወቅነው ያን ቀን ነው። «አብሽሪ ልጄ፣ ሬሳዬን ሳይረግጡ አይገቡም» አለችኝ።

ከሰስኩ። ፖሊሱ ስሜን እየጻፈ ፈገግ አለ። «እኛስ አንቺን ከማን እንጠብቅሽ? እሱን ነው እንጂ ካንቺ!» ከዚያም «በሽማግሌ ጨርሱት» ብሎ መለሰኝ።

ትናንት ለሽምግልና ተቀመጥን። እዚህ አገር ሲታረቁ ሸምጋዩ መሀል ላይ እርጥብ ሣር ያስቀምጣል። ተበዳይ ሣሩን ካነሳ የተባለውን ተቀበለ፣ ጉዳዩ ሞተ፤ ወዲያ ክስ የለም፣ ቂም የለም። አላነሳም ያለ ደግሞ በሸምጋዩ እርግማን ይኖራል፤ በዚያ እርግማን ዘራቸው የጠፋ ሰዎች ስም እየተጠራ ነው ያደግሁት። ሥነ ዜጋ ማስተማሬ ከዚህ ፍርሃት አላዳነኝም።

ሳቢር ክንዱን በሻሽ አንጠልጥሎ ተነሳ። «እኔ ካሳ አልጠይቅም። የሰበረችኝ እሷ ናት፣ እሷው አግብታ ታስታምመኝ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እንዲያውም አንዱ «ሸጋ ተናገረ» አለ። አባቴ መሬት መሬት አየ። ሼህ ሰዲቅ፣ ከሁሉም የሚፈሩት ሸምጋይ፣ ሣሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ልጄ፣ አንሺው። አካል ጎድሏል፤ ነገር ይብረድ።»

እጄ ወደ ሣሩ ሄደ። አልዋሽሽም፣ ሄደ። ያን ጊዜ ሳቢር ዝም ቢል ኖሮ ዛሬ ሚስቱ ነበርኩ። ማሸነፉን ሲያይ ግን አላስቻለው።

«ደግሞ ጨካኝ ናት፣ ያ ሼህ! በቃኝ ብዬ መሬት መታሁላት፣ ወላሂ አልለቀቀችኝም!»

«መሬት መምታት ምንድን ነው?» አሉ ሼህ ሰዲቅ።

«በቃኝ ማለት ነዋ! መሬት ከተመታ የያዘው መልቀቅ አለበት፣ ደንብ ነው። ራሷ ናት ያስተማረችን፤ ቪዲዮ ቤት የሚገባ ሁሉ ያውቃል።»

እጄን ሰበሰብኩ። «ያ ሼህ፣ አንድ ጊዜ ይጠይቁልኝ» አልኩ። «እኔ አስቀድሜ መሬት ስመታ ምን ብሎ መለሰልኝ?»

ሳቢር ሻሹን ነካ ነካ አደረገ። ወንድሞቹን አየ። ሼህ ሰዲቅ ጠበቁት። «ምን አልካት?» አሉት። አጎቴ ከኋላ ሳል ሳል አለ። ከዚያ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሣሩን በገዛ እጃቸው ሰብስበው በኩታቸው ጠቀለሉት።

«ይህ ሣር ዛሬ የሚያነሳው የለም። መንግሥት ይየው» አሉና ተነሱ። አልረገሙኝም። አልመረቁኝምም።

ነገ ፖሊሱ የመለሰውን ክሴን ይዤ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። አዲሱ ሕግ አግብቷታል ብሎ ጠላፊን ነጻ አይለቅም፤ ይህን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ጽፌያለሁ። የእሱን መሬት መምታት ሰምቼ አለመልቀቄንም ከጠየቁኝ እናገራለሁ። ዳኛ ፊት ነው የምቆመው፤ ይፍረድ። ግን ከቤታችን እስከ ፍርድ ቤቱ ያለው መንገድ በዚያ ካብ ሥር ያልፋል። አባቴ ትናንት ማታ ፊቱን አዙሮ ተኛ። አሁን ግን ከጓዳ ሆኖ ምርኩዙን ሲወለውል ይሰማኛል። ቀስ ብሎ «ከፀሐይ በፊት እንውጣ ወይስ ሰው ሲበዛ?» አለኝ።

«ሰው ሲበዛ» አልኩት።

ጉልበቴ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ። ካብ ላይ ካሉት አንዱ አይቶ ይስቅ ይሆናል፤ «ፈርታ ለምን ወጣች ታዲያ?» ይል ይሆናል። ያን ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ያጣሁትን መልስ ዛሬ አግኝቼዋለሁ፦ ባትገቢ ኖሮ የሚያላቅቅሽ ዳኛ አይኖርም ነበር።

ወደ መፋለሚያው የምትራመድ፣
ጁማና