አባቷን ግድግዳ ላይ ላመጡልን ሰብሳቢ

ለተከበሩ ሐጂ ሙንተሲር
የሕንጻችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሙረባዕ፣ ሪያድ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በመልካም ጤና እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የደም ግፊትዎ ብቻ እንደ ኢንተርኔትዎ እንዳይፈጥን ዱዓዬ ነው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው ዘኪያ፣ የሃፍሳ እናት፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ባለፈው ዓርብ በልጄ ኒካሕ ላይ ስለዋሉልን ውለታ ሳላመሰግንዎ ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ፣ ምስጋናዬን ሕንጻው ሁሉ እንዲያነበው ሊፍቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። በዘገምተኛ መስመር ስንኖር ምን ያህል እንደተጎዳን የነገሩን እርስዎ ነዎት፤ እኛማ መጎዳታችንንም አናውቅ ነበር። ልጆቹ የትምህርት ቤት ሥራቸውን ይልኩበታል፣ እኔ የቁርኣን ቂርኣቴን እከታተልበታለሁ፣ ጎረቤቶቼም ከዚያ ያለፈ ጉዳይ አልነበራቸውም። እርስዎ ግን የድሮውን መስመር አስነቅለው ጊጋ የሚሉትን አስገቡልን፤ ያልፈለገውም አብሮ እንዲፈልግ በስብሰባ አስወሰኑ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደፈጠነልኝ ቤቴን ዞሬ ፈልጌያለሁ። ወጡ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ልብሱም በራሱ ጊዜ ይደርቃል። አንድ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ፊልም በአንዴ አውርዶ መቼ ሊያየው ነው ብዬ ብጠይቅዎ፣ እህቴ ዘመኑን አትቃወሚ ብለው ገሠጹኝ። የተቃወምሁት ዘመኑን አልነበረም፤ እርስዎን ነበር።

ሁለተኛ፣ ለባለቤቴ ስላሰቡለት አመሰግናለሁ። ያሲን የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው አልታደስ ብሎት አገር ቤት ከገባ ወዲህ የሚኖረው ከከሚሴ ወጣ ባለች መንደራችን እንደሆነ፣ ኔትወርክ የሚይዝለትም ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ እንደሆነ ደጋግሜ ነግሬዎታለሁ። በባለ ቁልፍ ስልኩ፣ በተራ ጥሪ ስናወራ ኖረናል፤ ሲያስለው እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ሴት ልጅ ደግሞ የምትዳረው በአባቷ ቃል ነው። አባትየው «ድሬያለሁ» ሲል ሼኹና ምስክሮቹ በጆሯቸው ይስሙት እንጂ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ሃፍሳም ከሠርጓ ሁሉ የጓጓችው ያቺን አንዲት ቃል ለመስማት ነበር። እርስዎ ግን እንዲህ ያለ መስመር እያለን በድምፅ ብቻ መዳር ያሳፍራል አሉ። አባቷን መካከላችሁ እንደተቀመጠ አድርጌ ግድግዳው ላይ አመጣዋለሁ ብለው፣ በር የሚያህል ቴሌቪዥን ሰቀሉ። ያሲንም በእርስዎ ትእዛዝ የሰው ዘመናዊ ስልክ ተውሶ፣ የመንደሩን ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ የሚያመውን ጉልበቱን እየጎተተ ጉብታው ላይ ወጣ።

መምጣቱስ መጣ። አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ መጣና እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ሼኹ ልጅህን ሃፍሳን ለማጂድ ድረሃል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ዝም። ደግመው ጠየቁ፣ ሠልሰው ጠየቁ፤ ግድግዳው ጭጭ። እርስዎ ራውተሩን አጥፍተው አበሩ፣ እንግዳው ሁሉ ስልኩን እንዲዘጋ አዘዙ፣ ከዚያም የፍጥነት መለኪያውን ከፍተው ቁጥሩን ለሙሽራው እያሳዩ ችግሩ ከእኛ አይደለም አሉ። እውነትዎን ነው፣ በእርስዎ በኩልማ ወሬው ይበራል። ሁለት ሰው የሚነጋገረው ግን በዘገምተኛው ፍጥነት ነው፤ ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፣ ከአሮጊት ጋር ገበያ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ እባካችሁ በተራ ስልክ ደውሉለት ብዬ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ ሴቶች በቴክኒክ ጉዳይ አይግቡ የሚል ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍርድዎ አመሰግናለሁ። ሼኹ ፉጣ ሰፈር ሌላ ኒካሕ ይጠብቃቸው ስለነበር ሰዓታቸውን ማየት ሲጀምሩ፣ እርስዎ ብድግ ብለው «አባቷ ይኸው ፊታችን ተቀምጧል፤ ዝምታው ፈቃዱ ነው» አሉ። አጀብ ነው! ሼኹ ዝምታዋ እንደ ፈቃድ የሚቆጠርላት ዐይናፋር ሙሽራ እንጂ የደረቀ ቴሌቪዥን አይደለም ብለው በትዕግሥት አስረዱዎት። ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይል ነበር። እርስዎ ግን እንግዲያው በአባቷ ፈንታ እኔ ልዳራት አሉ! አባቷ በአንደበቱ ሳይወክልዎት አይሆንም ብለው ሼኹ ጫማቸውን አጠለቁ። እንግዳው ሩዙን በልቶ ተበተነ፤ ልጄም ሒናዋን እንደተቀባች ሳትዳር ቀረች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

የሚቀጥለው ቁጥር የሚሰጠው ዐይነት ነገር አይደለም። ሁሉም ከሄደ በኋላ ለያሲን በዚያችው በተራ ጥሪ ደወልሁለት፤ ከጉብታው አልወረደም ነበርና ገና ከመጥራቱ አነሣው። ለካስ በእሱ በኩል የሼኹ ድምፅ እየተቆራረጠም ቢሆን ይሰማው ኖሯል። ጉብታው ላይ ቆሞ፣ ሽማግሌዎቹን ምስክር አድርጎ፣ በጠየቁት ቁጥር ይመልስ ነበር። «እኔ እኮ ሦስቴም ሰጥቻታለሁ፤ አልሰማችሁኝም እንዴ?» አለኝ። እርስዎ ዝምታ ያሉት ያንን ነው። ሃፍሳ ስልኩን ከእጄ ወስዳ «አባ፣ እስቲ ለእኔም ድገምልኝ» አለችው፤ እኔም ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ስለዚህ የፊታችን ዓርብ ኒካሑ በሼኹ ቤት፣ በባለ ቁልፍ ስልክ ይፈጸማል ኢንሻአላህ። እርስዎን መጥራት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ለእኛ ብዙ ስለደከሙ፣ የዚያን ዕለት ቤትዎ ዐርፈው ያሻዎትን ያህል ፊልም እንዲያወርዱ በትሕትና እለምንዎታለሁ።

ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቷ የማትረሳው፣ ፍጥነትዎ ላይ መድረስ የተሳናት፣ እጅግ አክባሪ ጎረቤትዎ
ዘኪያ፣ የያሲን ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያሲን ማጂድን በድምፁ እንጂ በመልኩ አያውቀውም። ምስሉ ከመድረቁ በፊት በስልኩ ያየው ደግሞ ሙሽራውን ሳይሆን፣ ካሜራው ፊት ቆመው ኮፍያዎን ሲያስተካክሉ እርስዎን ነው። ነገሩ ከንክኖት መልሶ ደወለና፣ «ለዚያ ሰውዬ ከሆነ ሦስቱንም ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ» ብሎኛል።