የአባባ አዲስ አጥንት

ቡታጅራ፣ የካቲት 2004 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። የጅጅጋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሚስትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ። እማማም አለች፤ ትቀመጣለች፣ ሲሰጧት ትጠጣለች። ስልክ ያልደወልኩልህ ድምፄ ስለተዘጋ ነው።

የአባባን ሕክምና በደንብ ጻፊልኝ ብለኸኝ ነበር። ያኔ በርበሬ የጫነው መኪና ተገልብጦ ዳሌው ሲሰበር የገባለት ብረት ላልቶ ኖሯል። ዙሪያውን ያለው አጥንትም ተበልቷል። የአዲስ አበባው ዶክተር ራጁን እያሳየን፣ ብረቱን ብንቀይረው የሚይዘው አጥንት የለም፤ መጀመሪያ ጉድጓዱን መሙላት አለብን አለ። አባባ፣ "በምን? በሞተ ሰው አጥንት? የቂያማ ቀን ባለቤቱ ከመቃብር ተነስቶ አጥንቴን መልስ ቢለኝ ምን እላለሁ?" ብሎ ጠየቀው። ዶክተሩ ሳቀና አንድ ብልቃጥ አመጣ። ውስጡ እንደ ጨው የደቀቀ ነጭ ነገር ነው። በፋብሪካ የተሠራ ነው፣ የማንም አይደለም፤ ቀስ በቀስ የራስዎ አጥንት በመሃሉ ያድጋል አለው። አባባ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አዙሮ ብዙ አየውና፣ "እንግዲህ ቢስሚላህ ብላችሁ ሙሉት" አለ።

ቀዶ ጥገናው ጥሩ ነበር። ቤት ገባን። በምርኩዝ እስከ በር ሄዶ ጎረቤታችንን ፈቲሀን፣ ለረመዳን መስጊድ በእግሬ ነው የምሄደው አላት። ሰኞ ጠዋት ባቱ አብጦ ተነሳ፤ ከዚያ ትንፋሽ አጠረኝ አለ። ወደ ሆስፒታል ስንወስደው መኪና ውስጥ እጄን ይዞ፣ ለወንድምሽ አትንገሪው፣ ይደነግጣል አለኝ። ለአዲስ አበባው ዶክተር ደውለን ጠየቅነው፤ ደም ረግቶ ነው፣ አጥንቱ ምንም አልሆነም አለ። አሁን አያመውም።

ቤታችን ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ምግብ እነ ፈቲሀ ያመጣሉ፤ እኔ እሳት አላነደድኩም። ትናንት ምርኩዙን በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ለምን እንዳጠብኩት አላውቅም።

ይህን የሚሰጥህ የአጎታችን ልጅ ናጃህ ነው። ሱቁን ለሚስትህ ተውና አብራችሁ ተሳፈሩ። ስትደርሱ በቀጥታ ወደ ቤት አትምጣ። አጎታችን ዘንድ እደር፤ ጠዋት እኔና ሽማግሌዎቹ እዚያ እንመጣለን። መንገድ ላይ ናጃህን ምንም አትጠይቀው፤ መዋሸት አይችልበትም።

አላህ መንገድህን ያቅናው። ለሁላችንም ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጠን።

ታናሽ እህትህ