ስምንት እርምጃ ለተፈረደበት ነብር የቀረበ ይግባኝ

ለተከበሩ የአራዊት ማቆያው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት (ማለትም ስብሰባ ላይ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የምጠይቀውም ለወጉ ያህል አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ይህን ያህል ሰዓት የተቀመጠ ሰው ወገቡ እንዴት ሆኖ ይሆን እያልኩ እውነቴን ነው የምጨነቀው። ለእግርዎም ብርታቱን ይስጥልኝ፤ አርብ ጠዋት ያስፈልግዎታል፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እገልጻለሁ።

እኔን ስለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። በፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር፣ አንዲት ጠረጴዛና አንድ የጽሕፈት መኪና ይዤ ለባለጉዳይ ማመልከቻና ይግባኝ ስጽፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ መዝለል እንጂ መራመድ ስለማታውቅ እኔና እናቷ ፌንጣ እንላታለን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሥራዬን እስክጨርስ ድረስ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጣ ስለምትጠብቀኝ፣ የሌላ ሰው ልጆች ተረት እየሰሙ ሲያድጉ የእኔዋ «አመልካች» እና «ተከሳሽ» እየሰማች ነው ያደገችው። አንድ ሌላ ነገርም ይወቁልኝ፤ ቂመኛ ነኝ። ይህን የምለው ለመፎከር ሳይሆን፣ ኋላ አልሰማሁም እንዳይሉ ነው።

ከሦስት ወር በፊት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረን ፌንጣና እኔ ወደ ማቆያዎ መጣን። በዚያን ቀንና ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። ልጄ ማንበብ የጀመረችው በዚያው ሰሞን ስለነበረ፣ ከነብሩ ፊት የተተከለውን ሰሌዳ ፊደል በፊደል እየለቀመች «ነብር ዛፍ መውጣት ይወዳል፤ በአንድ ሌሊት ረጅም መንገድ ይጓዛል» የሚለውን ጮክ ብላ ስታነብ፣ እኔ አባትየው ደረቴን ነፍቼ ቆሜ ነበር። ጨርሳ ቀና ስትል ከብረቱ ጀርባ ያለውን አየች። ዛፍ የተባለው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ ጉቶ ሲሆን፣ ረጅሙ መንገድ ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስምንት እርምጃ ነው። ቆጥራዋለች። ስምንት ሄዶ ይዞራል፣ ስምንት ተመልሶ ይዞራል፤ የሚዞርበት ቦታ ላይ ወለሉ ተፍቆ ጎድጉዷል። የተጻፈ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ልጄ ገና በስድስት ዓመቷ እንድታውቅ ስላደረጉልኝ ውለታዎ አይረሳኝም።

2ኛ/ ስለ ጠባቂዎ ትጋት አመሰግናለሁ። ሰው ሰብሰብ ሲል በያዘው ዱላ ብረቱን ደጋግሞ ደበደበው፣ ነብሩም ጥርሱን አሳይቶ አገሳ፣ ተመልካቹ አጨበጨበ፤ ጠባቂው ወደ እኔ ዞር ብሎ ለሕፃኗ ስል እኮ ነው አለኝ። እዚህ ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልዋሽዎት አልፈልግም፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ የመጣሁት የሚያዛጋ ነብር ለማየት አልነበረም። በልጅነቴ አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ እንዲህ ያለ ነብር ሲያገሳ ሰምቼ ወሩን ሙሉ ሳወራው ስለከረምኩ፣ ያንኑ ደስታ ለልጄ ላቀምሳት ብዬ ትከሻዬ ላይ አውጥቻት ነበር። አንገቴን በሁለት እግሮቿ ጥብቅ አድርጋ ስትይዘኝ ደስታ መስሎኝ ይበልጥ አጨበጨብኩ። ለካ እየተንቀጠቀጠች ነበር። ስለዚህ ከምቀየማቸው ሰዎች አንደኛው እኔው ነኝ፤ ክቡርነትዎ ሁለተኛ በመሆንዎ ቅር እንዳይልዎት እለምናለሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነብሩ ስንት ዓመት ተፈርዶበት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ከእኔ ጠረጴዛ ሥር የወጣች ልጅ ሌላ ምን ትጠይቅ! ምንም አላጠፋም አልኳት። ታዲያ ለማያውቁህ ሰዎች ሁሉ ስትጽፍ ለእሱ ለምን ይግባኝ አትጽፍለትም አለችኝ። እቤት እስክንደርስ በመስኮት ሳይ መጣሁ።

3ኛ/ ስለ ደብዳቤዋ አያያዝ በተለይ አመሰግናለሁ። እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ፤ ከቃሏ አንድም አልጨመርኩም፦ «ነብሩ ምንም አላጠፋም። ቤቱ ጠባብ ነው። መኪና የሚቆምበትን ቦታ ስጡት፣ እዚያ ዛፍ አለ። መልስ ይጻፉልኝ።» መኪና የሚቆምበት ያለችው ከሻይ ቤቱ ጀርባ ያለውን፣ ዙሪያውም ላዩም በወፍራም ሽቦ የተሸፈነውን፣ ሦስት ዛፍ ያለበትን ሰፊ ግቢ ነው። በሩ ላይ ቀለሙ የደበዘዘ «የነብር መስክ» የሚል ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። ውስጡ ግን ጥላ ሥር ዘና ብላ የቆመችው የእርስዎ ነጭ መኪና ናት። ለነብሩ ስምንት እርምጃ፣ ለመኪናዎ ሦስት ዛፍ! እንዲህ ያለውን የቦታ ድልድል ለማሰብ በእርግጥም ብዙ ስብሰባ ሳያስፈልግ አይቀርም።

መዝገብ ቤትዎ ደብዳቤውን ተቀብሎ ቁጥር ሰጠኝ፤ ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ምልልሴ ጸሐፊዎ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው ስትለኝ፣ የልጄ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዋ ሥር፣ በመታየት ላይ ነበር። ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘው ብቸኛ ማኅተም የብርጭቆው ቂጥ ያሳረፈበት ቡናማ ክብ ነው። ጸሐፊዎ ስልክ ስታነሳ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ እስከ ዛሬ የፈለገው የለም።

በዚህ መሀል ፌንጣ መዝለል አቆመች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ መልስ መጣ ወይ ትለኛለች፣ ገና ነው እላታለሁ። ማታ እቤት ስንገባ በአልጋዋና በግድግዳው መካከል ስምንት ሄዳ ትዞራለች፣ ስምንት ተመልሳ ትዞራለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን አቁማ ታያታለች፣ እኔም አያታለሁ፣ እርስ በርሳችን ግን አንተያይም። የልጅ ጨዋታ ነው፣ ይተዋታል አልን። አልተዋትም። ክቡር ሆይ፣ እኔን ደጅ ማስጠናትዎን ይቅር ልልዎት እችል ነበር፤ ሥራዬም ደጅ ከሚጠኑ ሰዎች ጋር ነውና ለምጄዋለሁ። ይህችን ስምንት እርምጃ ግን አልምርዎትም።

4ኛ/ ስለዚህ መልሱን ራሴ ጻፍኩት፤ በእርስዎ ስም፣ በእርስዎ ማዕረግ። የቢሮ ቋንቋ እንጀራዬ ስለሆነ «ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመርን በኋላ» ብዬ ጀመርኩ። ለማኅተሙ ባለቤቴ ከልጃችን ኮት ላይ ትልቁን ቁልፍ ቆርጣ፣ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነክራ ረገጠችበት፤ ከዚያም አጥባ መልሳ ሰፋችው። መካከሉ ላይ አራት ቀዳዳ ያለው ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት የእርስዎ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ወንጀል መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ልክሰስህ ካሉም ክሱን ለማስጻፍ ጠረጴዛዬ የት እንዳለ ነግሬዎታለሁ። በዚያ ደብዳቤ ነብሩን ወደ ሰፊው ግቢ እንደሚያዛውሩት፣ አርብ ጠዋት በአራት ሰዓትም ራስዎ በሩ ላይ ቆመው እንግዶችዎን እንደሚቀበሉ ቃል ገብተዋል። ምን ያህል ደግ ሰው እንደሆኑ ቢያነቡት እንባዎ ይመጣ ነበር።

ፌንጣ በዚያን ቀን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ እናቷ ጭን ዘለለች። ደብዳቤውን ትራሷ ሥር አድርጋ አደረች፣ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ይዛው ሄደች። አስተማሪዋ አንብባ ማኅተሙን ትክ ብላ አየችው፣ የልጅቷን ኮት አየችው፣ ከዚያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ከዚያም የጉብኝት ፈቃድ አስወጣች። አርብ አርባ ስምንት ሕፃናት ይመጣሉ። እያንዳንዳቸው የምስጋና ደብዳቤ ጽፈዋል፤ በእጅዎ ይሰጡዎታል፣ መልስም ይጠብቃሉ፣ ምክንያቱም እርስዎ መልስ የሚጽፉ ሰው ነዎት ተብለዋል። እሰይ! ይህን ሳስበው ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

ዛሬ ሰኞ ነው። ግቢውን ለማጽዳት ሦስት ሙሉ ቀን አለዎት፤ መኪናዎን ለማውጣት ደግሞ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አስቸኳይ ስብሰባ እንዳይገጥምዎት ስል ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ከማውጣቴም በላይ፣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የፍርድ ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የተለጠፈ ነገር ሁሉ ያነባል፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ሳይሰጡኝ ጊዜ ስለሰጡኝ፣ ሳይቀበሉኝም ስለተቀበሉኝ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ እስከ አርብ አራት ሰዓት ድረስ ታዛዥዎ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ግን እንደ ሁኔታው የምሆነው

የፌንጣ አባት

ግልባጭ፦
ለአርባ ስምንቱ ተማሪዎች ወላጆች
ዱላ ለያዘው ጠባቂ
ለነብሩ (በአካል ይነበብለታል)

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤው ሐሰተኛ ነው ብለው ልጄ ፊት ሊያጋልጡኝ አስበው ከሆነ አይድከሙ። ትናንት ኮቷን ስትቆልፍ ከቁልፉ ቀዳዳዎች ውስጥ ያልለቀቀውን ሰማያዊ ቀለም አየችው። ቁልፉን አየች፣ እኔን አየች። እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሰው መከላከያ ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ ለራሴ አንድ ቃል አጣሁ። እሷ ግን «አንተ እንኳን መልስ ጻፍክልኝ» አለችኝ፤ ቀጥላም የራሷን ደብዳቤ፣ የሻይ ብርጭቆ ያረፈበትን፣ ስጠኝ ብላ ተቀብላኝ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። አርብ የምትመጣው ሁሉን አውቃ ነው። በቀላሉ ያውቋታል፤ ከፊት የምትሆነው፣ የምስጋና ደብዳቤ የማትሰጥዎት እሷ ብቻ ናት።