ለዓርቡ ስብሰባ የተለማመድነው መልስ

ማክሰኞ

ታካሚዬ ዛሬም አልመለሰልኝም። «አዴሎ» ብዬ እጠራዋለሁ፤ ያየኛል፤ በቃ። መድኃኒቱ ይሰማው የነበረውን ድምፅ አጥፍቶለታል፤ ዝምታውን ግን አልነካውም። መንደሩ ማንኪራ ያሉ ጎረቤቶቹ ሰነፍ ይሉታል። ስንፍና ቢሆን ቁጣ ያነቃው ነበር። ሕመም ነው።

ከሰዓት እኅቱ አልማዝ መጣች። ዓርብ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስሙ ይጠራል። ራሱ መልሶ «ቡናዬን እሠራለሁ» ካላለ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። «እኔ ልመልስለት ብላቸው እምቢ አሉኝ፣ ሲስተር» አለች።

ረቡዕ

ከጤና ጣቢያው ጀርባ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩት። የጥበቃውን የጋሽ ተፈራን ካፖርት ደርቤ ሊቀመንበር ሆንኩ። ሰው ሲጠራ እንዴት እንደሚመለስ አሳየሁት። አልማዝ በቤታቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ደገመችለት፤ አማርኛ የገበያ ቋንቋው ነው። ዝም ሲል አልቆጣም፤ እንደገና እጠራለሁ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ «ጎበዝ» እለዋለሁ። ወደ ማታ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም።

ሐሙስ

ጠዋት ገና ከበሩ ስጠራው «እመት» አለኝ። እናቴ ስትጠራን የምንመልስላት እንዲሁ ነበር። ከምሳ በኋላ «ቡናዬን እሠራለሁ» አለ። ፊቱ ያው ነው፤ ቃሉ ግን ወጣ። ጋሽ ተፈራ «ያናገረው ካፖርቴ ነው» አሉ። ይበሉ። ዛሬ ማንም ደስታዬን አይቀንሰውም።

ዓርብ

ማንኪራ በእግር ወረድን። ሰዉ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ «አዴሎ ኮችቶ!» ብለው ተጣሩ። አልማዝ ክንዴን ጨመቀችው።

«እመት» አለ፣ ጮክ ብሎ።

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እመቤት አደረገዎት እኮ» አለ። ያኔ ገባኝ። ለሴት የሚመለሰውን ብቻ ነው ያስተማርኩት። ካፖርት ብደርብም ሴት ነኝ፤ እሱ የሰማውን ያዘ።

ላስረዳ ስነሣ አዴሎ ሊቀመንበሩን አተኩሮ አያቸው።

«አቤት» አለ። ቀጥሎም «ቡናዬን እሠራለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ለወንድ የሚመለሰውን «አቤት»ን አላለማመድኩትም። ከራሱ ነው ያመጣው። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን በእጃቸው ጠርገው «መልሷል፤ መሬቱ የሱ ነው። እስከ ለቀማው እናየዋለን» አሉ።

ለቀማው ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ተነሥቶ ቅርጫቱን ያነሣ እንደሆን አላውቅም። በየሳምንቱ እየወረድኩ አያለሁ።

እዚያው ትቼው ልመለስ ስል አንድ ጊዜ ጠራሁት።

«አዴሎ።»

«እመት» አለኝ። ለኔ ትክክሉ ይኸው ነው።