ጨው ለመቅመስ ያህል

ታኅሣሥ 16 ቀን 2008 ዓ.ም.
ቡራዩ

ለማከብርዎት ለባለቤቴ እናት፣

እማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ሰበታም መንገድ ተዘግቷል ሲሉ ሰማን። ልጃችን ማርያማዊት አላስቸገረችዎትም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅዎ ወንዲም መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ አልወደቀም።

ይህን በስልክ ልነግርዎት አስቤ ተውኩት። እርስዎ ስልክ የሚያነጋግሩት በላውድ ነው፤ የእኔንና የእርስዎን ጉዳይ ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ ፖስታውን በፕላስተር አሽጌ ለጎረቤታችን ለራቢአ ሰጠኋት፤ ሰበታ ሥራ ስትገባ በእጅዎ ትሰጥዎታለች። መነጽርዎን አድርገው ብቻዎን ያንብቡት። ልጅዎ ወርቅቱ ላንብብልሽ ብትል እሺ እንዳይሏት።

የወንዲ ሕመም ታወቀ። ታኅሣሥ 5 ቀን ወጣቱ አሸዋ ሜዳ ላይ ድንጋይ ደርድሮ መንገድ ዘግቶ ነበር። ፌዴራል ሲመጣ ሰው ሁሉ ሮጠ፣ ወንዲ ግን ወደቀ። በጥይት የተመታ መስሏቸው ተጯጯሁ። ባለወፍጮው ኦቦ ዳና ሲንቀጠቀጥ አይተው ክብሪት ጭረው አሸተቱት። እኔ ስደርስ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጀባዱ፣ ጀባዱ እያሉ ያበረቱታል። ደም ፈልጌ አጣሁ። ለካ ያው የለመድነው መውደቁ ነው!

በማግስቱ ታክሲ ስላልነበረ ደግፌው እስከ ኮልፌ በእግራችን ሄድን። ጭንቅላቱን ሲቲ ስካን ተነሣ። ሐኪሟ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችን፤ እዚህም እዚያም ነጫጭ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነገሮች አሉ። ትል ነው አለችን። የኮሶ ትል እንቁላል በአፍ ገብቶ፣ በደም ዞሮ አንጎሉ ውስጥ አረፈ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ኮሶ ያልያዘው ማን አለ ብዬ ብጠይቃት፣ ይሄኛው ከበሬ ሥጋ የሚመጣው አይደለም፣ የአሳማ ነው አለች።

ወንዲ ቱግ አለ። እኔ አሳማ አፌ ገብቶ አያውቅም ብሎ ጮኸባት። እሷም ቀስ ብላ አስረዳችው። እንዲይዝህ የግድ አንተ መብላት የለብህም፤ የበላው ሌላ ሰው ትሉን ሆዱ ውስጥ ይዞ ሳያመው ለዓመታት ይኖራል፤ ያ ሰው ምግብ ሲያቀርብልህ፣ ሲያጎርስህ እንቁላሉ ከእጁ ወደ አንተ ይመጣል አለችው። ከእጁ የምትበላው ሰው ሁሉ ይመርመር አለችን። እኔ ተመረመርኩ። ውጤቱን ብቻዬን ሄጄ ተቀበልኩ፤ የለብኝም።

እማ፣ ይሄ ነገር ከምራቴ ወገን የመጣ ዛር ነው ማለትዎን ሰምቻለሁ። አልዋሽዎትም፣ አንጀቴ ነው ያረረው። ዛሬ የምጽፈው ግን ለዚያ አይደለም።

አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። እኛ የተጋባን ሰሞን፣ ዱከም የፈረንጆቹ ካምፕ ወጥ ቤት ሲሠሩ፣ የተፈጨውን ሥጋ ገና ሳይበስል ለጨው በጣቴ ጫፍ ቀምሼ እተፋለሁ፣ አንዳንዴ ግን ሳላስበው ይወርዳል ብለው እየሳቁ አጫውተውኝ ነበር። የምን ሥጋ እንደነበር ያኔም አልጠየቅኩዎትም፣ አሁንም አልጠይቅዎትም። ልጆችዎን ያሳደጉበት ሥራ ነው። ማን ይፈርድብዎታል?

ፖስታው ውስጥ አራት ኪኒን አለ። ሐኪሟ ናት የሰጠችኝ። ጠዋት በባዶ ሆድዎ አኝከው ይዋጧቸው። እኔ በየሁለት ወሩ ኮሶዬን እጠጣ የለም ወይ እንዳይሉኝ፤ ያ ቁርጥራጩን ነው የሚያወርደው፣ የትሉ ጭንቅላት እዚያው ይቀራል ብላለች። ጾም ነው ብለውም እስከ ገና እንዳያቆዩት። ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። ነጻ ነዎት እስኪሉዎት ድረስ ማርያማዊት በማንኪያ ትብላ። ምግቧንም ወርቅቱ ታቅርብላት። አልቅሳ ብትለምንዎትም በእጅዎ አያጉርሷት። እንደሚሳሱላት አውቃለሁ። እማ፣ በሞቴ! አባቷ እንደወደቀው ስትወድቅ ባይ አብዳለሁ።

ወንዲ መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ ነው፤ ቢዘገይም ይድናል ተብለናል።

ከየት መጣ ብሎ ሲወጥረኝ ግን መልስ መስጠት ነበረብኝ። እናቱን፣ እርስዎን፣ በዚህ እንዲያስብዎት አልፈለግኩም። ከእኔ ነው የተገኘው አልኩት። ሳላገባህ በፊት ፒያሳ ካፌ ስሠራ፣ ሳላውቅ በሳንዱች በልቼ ነው አልኩት። አመነኝ። ይኸው አራት ቀኑ፣ ሳህኑን ለይቷል፣ ሽሮውን ራሱ ይሠራል፤ ባጎርሰው ፊቱን ያዞራል። ለወርቅቱም ነግሯታል መሰለኝ። ስሜን እያነሣች ስታማኝ ቢሰሙ፣ ዝም ይበሏት።

ማርያማዊትን ይሳሙልኝ። ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለልደቱ ያድርስዎ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ምራትዎ