በቀይ ሪባን ታስሮ ስለ መጣልን በርሜል

ለተከበሩ የወርቅ ማጣሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጨጓራዎ፣ ኩላሊትዎ፣ በተለይም ጉበትዎ ብርቱ እንዲሆኑልን አጥብቄ የምመኝበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገለጥልዎታል። ከአጥርዎ ሥር የምንኖር ጎረቤቶችዎ እስካሁን ደኅና ነን። «እስካሁን» የሚለውን ያሥምሩበት።

ባለፈው ሳምንት ካሜራ ፊት ቆመው፣ ውኃ እንድናጠራቅምበት ብለው ለየቤታችን አንዳንድ ባዶ በርሜል በቀይ ሪባን አስረው ስላደሉን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉ የለ? እርስዎ ጠጠሩንም ፈጭተው ስለ ጨረሱት በርሜሉን መለሱልን። ሆኖም፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣

፩ኛ፦ እዚያው የሚሠራው የባለቤቴ ወንድም እንዳስረዳን፣ ዓለቱ እንደ ዱቄት ከደቀቀ በኋላ በውኃና በኖራ ተበጥብጦ ሳይናይድ የሚሉት መርዝ ሲጨመርበት፣ ወርቁ ሻይ ውስጥ እንደ ወደቀ ስኳር ይሟሟል። የሟሟውን ከሰል ይለቅመዋል፤ ከከሰሉ ታጥቦ ይወጣና ቀልጦ ጡብ ያህላል። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ታዲያ ያ ሳይናይድ የሚመጣው በእነዚሁ በርሜሎች ነው። እሱ ክዳኑን ሲከፍት ጓንትና ጭምብል ያደርጋል። እኛ ሪባኑን በጥርሳችን ፈታነው።

፪ኛ፦ «በሳሙና አጥባችሁ ተጠቀሙ» ስላሉን እናመሰግናለን። ከዓለት ሆድ ወርቅ ፈልቅቆ የሚያወጣ መርዝ በአንድ ቁራጭ ሳሙና እንደሚረታ ባለማወቃችን አፍረናል።

፫ኛ፦ በርሜሉ ላይ የተለጠፈውን የራስ ቅል አማቴ አይተው፣ «ውይ ልጄን! ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ከስተዋል እንዴ?» ብለው ከልባቸው አዘኑ። እባክዎ ደኅና ፎቶ ይላኩላቸው።

፬ኛ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ እንዳይቀር፦ ጎረቤቱ ሁሉ ነገሩን ሰምቶ በርሜሉን አጥርዎ ሥር ደፍቶታል። አማቴ ግን የእሳቸውን እስካፉ ውኃ ሞልተው ጓዳ አቁመውታል። ልጆቻቸው ቢለምኑ፣ እኔም ብለማመጥ፣ «የሰው ስጦታ አልደፋም፤ ሰጪው ራሱ መጥቶ ይውሰደው» ብለው ፍንክች አላሉም። ደግነቱ የቤታቸው ሕግ ጥብቅ ነው፤ በስጦታ ዕቃ ሰጪው ሳይቀምስበት ማንም አይቀምስበትም። ቤተሰቡን በሕይወት ያቆየው ይህ ሕግ ብቻ ነው፤ ሕግ ደግሞ ጥም ሲጠና ይላላል።

ስለዚህ የጭነት መኪናዎን አስከትለው፣ በክቡር እግርዎ እንዲመጡልን ከወገባችን ዝቅ ብለን እንለምናለን።

በርሜልዎን እንጂ ውለታዎን የማይመልሱ፣
የታችኛው አጥር ጎረቤቶችዎን ወክዬ፣
የአማቴ አማች

ማሳሰቢያ፦ መኪናው ከተከተለዎት ሌላ ጣጣ የለም፤ አማቴን ይቅርታ ጠይቀው በርሜልዎን ጭነው ይሄዳሉ። ባዶ እጅዎን ከመጡ ግን፣ ብርጭቆው ተወልውሎ በርሜሉ ክዳን ላይ ተቀምጧል። አማቴ ደግሞ እንግዳ ሳይጠጣ አይሸኙም።