ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር

ይድረስ ለምሳሳልሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ሰው አገር በሰላም ገብተን የአውቶብሱን ጉብኝት ዛሬ ጠዋት ጀመርን። ደስታዬን በምን ልንገርሽ።

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት አውቶብስ ነድቶ ዛሬ ተሳፋሪ ሲሆን ብታዪው ትስቂ ነበር። ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጦ ኩርባ በመጣ ቁጥር ፍሬን ይረግጣል።

ረፋድ ላይ አስጎብኚዋ፣ "በስተግራ ሐይቁን ተመልከቱ" አለች። ሰማይ ወርዶ የተኛበት ነው የሚመስለው። እሱ ግን በቀኝ በኩል ወዳለው ባዶ የግንብ አጥር ዞሮ፣ "ወይ ውበት" አለ። ግራና ቀኙ ተምታቶበት ይሆናል አልኩ በልቤ።

ደረጃ ስንወርድ ትከሻዬን ስለያዘ አስጎብኚዋ፣ "አዲስ ሙሽሮች" ብላ ቀለደችብን።

ከሰዓት በኋላ ጠጋ ብሎ፣ "የምታዪውን ሁሉ ንገሪኝ፤ እኔ ስነዳ መንገድ እንጂ አገር አላየሁም" አለኝ። ድልድዩን፣ ልብስ የተሰጣበትን ሰገነት፣ ነጫጮቹን ጀልባዎች አፌ እስኪደርቅ ነገርኩት። እጄን ይዞ ሲስቅ ዋለ።

ልጅሽ ከምትሠራበት የዓይን ክሊኒክ ለምንመለስበት ሳምንት ቀጠሮ ታስይዝልኝ። ለእኔ ነው በያት።

እሱም ሰላም ብሎሻል። "የጻፍሽውን አንብቢልኝ" እያለኝ ስለሆነ የቀጠሮውን ነገር ዘልዬ አነብለታለሁ።

በይ ሰላምሽ ይብዛልኝ፣
ታናሽ እህትሽ